የቤት ጥንቸል ምግብ

በነቀምቴ፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ተቀምጣችሁ ለልጆቻችሁ ደስታ ጥንቸል የምታሳድጉ ብትሆኑ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ልታውቁት የሚገባው እንስሳይቱ ሣር በል መሆኗን ነው። በቆሎ የዘወትር ምግቧ አይደለም፤ ካሮትንም እኔ እንደ ከረሜላ እቈጥረዋለሁ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቋርጥም፤ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ልኩን የሚጠብቅላት ሻካራ ሣር አዘውትሮ ማኘክ ነው። ሆዷም ያለዚሁ ሣር በደንብ አይሠራም፤ የበላችውንም ማስመለስ ስለማይቻላት፥ አንድ ጊዜ ከተነፋች ለሞት ትቃረባለች።

በወለጋ ይልቁን የሚያሠጋው ክረምቱ ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ስለሚበረታ ለምለም ሣር ሞልቷል፤ ነገር ግን ታጭዶ በጆንያ ታምቆ የሞቀ እርጥብ ሣር፥ በተለይም ማገጥ የበዛበት፥ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር፥ በፀሐይ የደረቀ ድርቆሽ ገዝታችሁ ሻጋታ በማይነካው ስፍራ አኑሩ፤ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይታጣ። የስኳር ድንች ቅጠል በመጠኑ ቢጨመርላት መልካም ነው። በግቢያችሁ አቮካዶ ተክላችሁ እንደ ሆነ ግን ቅጠሉን ከቶ አታቅምሷት፤ መርዟ ነው።

ጥንቸል የራሷን ለስላሳ በጠጥ ስትበላ አይተው የሚጸየፉ አሉ። ይህ ሕመም አይደለም፤ መጀመሪያ ያመለጣትን ቪታሚን መልሳ የምታገኘው በዚህ ነውና ተዉአት።

ንጹሕ ውሃ ሳይጓደልባት ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ያለች እንደ ሆነ፥ ነገ ይሻላታል ሳትሉ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።