የአንዲት ፊደል ልዩነትና የትልቁ አንጀት ካንሰር

የሰው ልጅ ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን በሚጠጉ ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፣ ለፕሮቲን ሥራ መመሪያ የሚሰጠው ክፍል ግን ከ2 በመቶ አይበልጥም። ከቀረው ውስጥ ብዙው ወደ አርኤንኤ ቢገለበጥም ፕሮቲን አይሠራበትም፤ ከእነዚህ ፕሮቲን አልባ አርኤንኤዎች በርካቶቹ ሌሎች ዘረመሎች መቼና ምን ያህል እንደሚሠሩ ስለሚቆጣጠሩ፣ በውስጣቸው የሚገኝ የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ ለካንሰር ተጋላጭነትን ሊለውጥ ይችላል።

በ8ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ የሚገኘውና አርኤስ6983267 የሚል መለያ የተሰጠው ልዩነት ለዚህ ማሳያ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሰዎች ከእናትና ከአባታቸው ጂ ወይም ቲ የተባለውን ፊደል ይወርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ ጥናቶች ጂ የተባለውን ፊደል የወረሱ ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ቢያሳዩም፣ ነጥቡ ያረፈው ፕሮቲን በሚሠራ ዘረመል ላይ ስላልነበረ ምክንያቱ ወዲያው ግልጽ አልሆነም። በ2009 የወጡ ጥናቶች ስፍራው የሕዋስ መራባትን የሚያፋጥነውን ሚክ የተባለ ዘረመል ከሩቅ እንደሚቆጣጠር አመለከቱ፤ በ2013 ደግሞ ተመራማሪው ጆርጅ ካሊንና ባልደረቦቹ ከዚያው ስፍራ ሲካት2 የተባለ ረጅም አርኤንኤ እንደሚገለበጥ፣ ጂ ሲኖርም ምርቱ እንደሚጨምርና ሚክን እንደሚያበረታ አስረዱ።

ይሁን እንጂ የአሠራሩ መታወቅና ለታካሚው ያለው ጥቅም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንድ የጂ ቅጂ ስጋቱን ከፍ የሚያደርገው በ20 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሊንች ሲንድሮም በተባለው የዘር ውርስ ሕመም ግን የዲኤንኤ ስህተትን የሚያርሙ ዘረመሎች ስለሚበላሹ ስጋቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከዚህም በላይ ጂ በአፍሪካውያን ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚይዘው ፊደል በመሆኑ፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ የምርመራ ውጤት ላይ መገኘቱ ብቻውን ከጎረቤቱ የሚለየው አይሆንም። ስጋትን በነጥብ የሚያሰሉ የዘረመል ቀመሮችም በአመዛኙ በአውሮፓውያን ዝርያ ሰዎች መረጃ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ለሌላው ሕዝብ ሲውሉ ትክክለኛነታቸው ይቀንሳል።

ስለዚህ፣ የምርመራ ውጤትን የሚያስረዳ ባለሙያ ከፊደሏ በፊት ስለ ቤተሰቡ ሊጠይቅ ይገባል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በትልቁ አንጀት ካንሰር የተያዘበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ አለዚያም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ጊዜ ኮሎኖስኮፒ የተባለውን የትልቁ አንጀት ምርመራ እንዲጀምር የሚሰጠው ምክር ከማንኛውም ነጠላ ፊደል የበለጠ ሕይወት ያድናል።