አቀበትን በልክ መውጣት፦ ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ

ከጎንደር ከተማ በሰሜን በኩል ወጥቶ፣ ወለቃን በስተኋላው ትቶ፣ ወደ ወገራ ደጋ የሚያቀና መንገደኛ በመኪና ተቀምጦ የሚሄድ እንደ ሆነ፣ የአገሩን ከፍታ የሚያውቀው በጆሮው መደፈንና ኮሶዬ ላይ በመስኮት በሚገባው ብርድ ብቻ ነው፤ በብስክሌት የሚሄደው ግን እያንዳንዷን ስንዝር በጉልበቱ ከፍሎ የሚያልፋት ስለ ሆነ፣ ምድር ከቆላው ተነሥታ ወደ ሰማይ ምን ያህል እንደ ቀረበች ገዛ ሥጋው ይመሰክርለታል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2133 ሜትር ላይ ስትሆን፣ አምባ ጊዮርጊስ 2900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ አቀበትና በጠቅላላውም ረጅምና ተራራማ መንገድን በብስክሌት ስለ መጓዝ ጥበብ የሚናገር ሲሆን፣ ሊያስረዳ የሚሻውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አቀበት የሚገዛው ጉልበቱን በመጠን ለሚያወጣ ሰው መሆኑን ነው።

የዓለም ብስክሌተኞች በፍርሃትና በአክብሮት የሚያነሡት፣ በ1902 ዓ.ም. የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጡት የፈረንሳዩ የቱርማሌ መንገድ ጫፉ 2115 ሜትር ስለ ሆነ፣ ከጎንደር ከተማ እንኳ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ያው ውድድር እስከ ዛሬ ካለፈባቸው መንገዶች ሁሉ እጅግ ከፍ ያለው፣ ቦኔት የሚባለው የአልፕስ መንገድም 2802 ሜትር በመሆኑ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ከሚያርስበት ማሳ አይበልጥም። ነገር ግን የተራራ ክብደት በጫፉ ብቻ አይመዘንም። ቱርማሌ ከጥልቅ ሸለቆ ስለሚጀምር፣ በ19 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ዕረፍት 1400 ሜትር ያስወጣል፤ የእኛው መንገድ ግን ከደጋ ተነሥቶ ወደ ባሰ ደጋ የሚወጣ እንደ መሆኑ፣ መከራው ከዳገቱ ቀጥ ማለት ይልቅ በአየሩ መሳሳት ላይ ነው።

ረጅም የብስክሌት ጉዞን ከሌሎች ሁለት ድካሞች ጋር አስተሳስሮ የያዘ፣ ትራያትሎን የሚባል ውድድር አለ። ተወዳዳሪው አስቀድሞ በውኃ ይዋኛል፣ ቀጥሎ በብስክሌት ይጋልባል፣ በመጨረሻም በእግሩ ይሮጣል። ከዚህ ውድድር ረጅሙ ዓይነት፣ በ1970 ዓ.ም. በሃዋይ 15 ሰዎች ብቻ ተሰልፈው የጀመሩት አይረንማን ወይም «የብረት ሰው» የተባለው ሲሆን፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ መዓልት ይፈጸምበታል። የብስክሌቱን ርቀት በአገራችን ለመገመት የሚሻ አንባቢ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ የደረሰና ከዚያም ተመልሶ ወደ ጎንደር ለመግባት ጥቂት የቀረው ሰው በሐሳቡ ይሳል፤ ያ ሰው ከኮርቻው ወርዶ ገና ሙሉ ማራቶን ይጠብቀዋል። በረጅሙ ትራያትሎን ሕግ ደግሞ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ነፋስ መከለል የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ተወዳዳሪው ከገዛ ጉልበቱና ከገዛ ልቡናው ጋር ብቻውን ይቀራል፤ በዳገቱ ላይ ያለ ልክ ያባከነውን ሁሉ ሩጫው ላይ ይጠየቅበታል።

ለመሆኑ ዳገት ላይ ጉልበታችንን የሚበላው ምንድን ነው? በሜዳ ላይ የሚጋልብ ሰው ዋና ባላጋራው ነፋስ ነው፤ የነፋስም ጠባይ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ክንዱ እጅግ የሚበረታ ስለ ሆነ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሰው 36 ለመሄድ ቢፈልግ፣ ነፋሱን ለመግፋት ብቻ ከመቶ 70 ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል። አቀበት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ነፋሱ ይረሳና ባላጋራው ክብደት ይሆናል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይወጣ የነበረ ሰው ወደ 12 ከፍ ለማለት የሚያስፈልገው ጭማሪ ከመቶ 20 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጨመሩት ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ዳገት ላይ ነውና፣ አዋቂዎች ብስክሌተኞች አቀበቱን ከሜዳው ጥቂት ጠንከር አድርገው ይወጡታል፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ያርፉበታል።

በዚህ «ጥቂት» በሚለው ቃል ውስጥ ግን የጥበቡ ሁሉ ምሥጢር ተሰውሯል። ሥጋችን ከልኩ አልፎ ሲገደድ፣ ለረጅም ጉዞ የሚያገለግለውን ስንቁን በጥድፊያ ያቃጥላልና፣ አንድ ዳገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ የታየ ጀግንነት ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ በእግር መዛልና በልብ መድከም ይከፈላል። ይህን ከሰው ሰምቼ ብቻ አልጻፍሁትም፤ ወጣት ሳለሁ ከወለቃ በላይ ያለውን አቀበት በጠዋት ብርታት ተነሣሥቼ እንደ ሩጫ ወጥቼው፣ ኮሶዬ ሳልደርስ ከብስክሌቴ ወርጄ መሪውን ይዤ በእግሬ ስገፋ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአባቶች ቃል በጉልበቴ ተርጉሜዋለሁ። የልብ ትርታ መቁጠሪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ልኩን በትንፋሹ ሊያውቅ ይችላል፤ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር መናገር እስከ ቻለ ድረስ በደኅናው መንገድ ላይ ነው፣ ቃሉ በየመካከሉ መቆራረጥ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ተበድሯል፤ ብድሩንም በቶሎ ይመልስ ዘንድ ማዝገም ይገባዋል።

ለዚህ ልክ የሚያግዘው ዋናው መሣሪያ ማርሽ ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ማርሽ ጥርሶች እኩል 34 የሆኑ እንደ ሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ዞሮ ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደቂቃ 80 ጊዜ ያለ ጭንቀት የሚያዞር ሰውም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ማርሽ የሌለውን ተራ ብስክሌት የያዘ ልጅ ግን በአንድ ዙር አምስት ሜትር ያህል ለመግፋት ስለሚገደድ፣ ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት በደቂቃ 30 ጊዜ ገደማ ብቻ፣ በሙሉ ክብደቱ እየተንጠለጠለ ይረግጣል፤ ካቴናው ይጮኻል፣ ጉልበቱም ይጎዳል።

ሁለተኛው ነገር ስንቅ ነው። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 75 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይጠፋል፤ ሥጋችን ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣልና። በጡንቻና በጉበት ተከማችቶ የሚገኘው ስኳር ደግሞ 2000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ረጅም የሚጋልብ ሰው ገና ሳይርበው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም የሚደርስ ኃይል ሰጪ ምግብ እየቆነጠረ መውሰድ አለበት። ለበቅሎ ዳገት ላይ ደርሶ ገብስ መስጠት እንደማይረባት ሁሉ፣ ለሰውም ከተዳከመ በኋላ የሚጎርሰው አይደርስለትም። የወገራ አገር የገብስ አገር ነውና፣ ስንቁ እዚያው መንገድ ዳር ይበቅላል፦ የተቆላና የተፈጨ ገብስ፣ በማርና በጥቂት ውኃ ታሽቶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ በጣት ተጨብጦ እንደ እንቁላል የተሠራ ጭብጦ በኪስ ይያዛል፤ አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ በአንድ እጅ መሪውን ይዞ በሌላው መጉረስ ይቻላል። ከበሶው ጋር ውኃ በብዛት ያስፈልጋል፤ የደጋ ብርድ ላቡን በቶሎ ስለሚያደርቀው ብዙ ሰው መጠማቱን ሳያውቅ ይደርቃል።

ሦስተኛው ነገር አየሩ ነው። በአምባ ጊዮርጊስ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 30 ያህል ስለሚያንስ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይዞት የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ጉልበቱ የከዳው የሚመስለው ስለዚህ ነው። ይኸው ስስ አየር በሜዳ ላይ ነፋሱን ያቀልላል፤ ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው፣ ከፍታዋ ከጎንደር ጋር በሚቀራረበው በሜክሲኮ ከተማ ነበር። የደጋውን ተወላጅ በተመለከተ ደግሞ፣ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን ተራሮች፣ በ3530 ሜትር ላይ በሚገኘው በአምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንና የሚሸከመው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ልክ የማይርቅ መሆኑን አስረድተዋል፤ ይህም በአንዲስና በቲቤት ከታየው የተለየ ነው። ይህ ግኝት የስሜን ልጅ ሁሉ ብስክሌተኛ ሆኖ ይወለዳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ስጦታዋን ከፊት አስቀምጣ ትምህርትንና ልምምድን እንደምትጠብቅ ያመለክታል።

የወጣ ሁሉ ይወርዳልና፣ ስለ ቁልቁለት መናገርም ግድ ነው። ከደባርቅ ባሻገር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ ተፈልፍሎ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ስፍራ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ ጨብጦ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬም ጎማ ያፈነዳል። ስለዚህ ከመታጠፊያው አስቀድሞ፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ በመታጠፊያው ውስጥም የውጭውን እግር ወደ ታች ዘርግቶ ዓይንን ወደ መውጫው መላክ ይገባል። በዳገቱ ላይ ላብ ያራሰው ልብስ በቁልቁለቱ ነፋስ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ፣ የቀድሞ ብስክሌተኞች ጋዜጣ አጥፈው በደረታቸውና በሹራባቸው መካከል ያስገቡ ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ ምናልባት የጭነት መኪና፣ ምናልባትም እንጨት የጫነች አህያ ትኖራለችና፣ የሚወርድ ሰው የማያየውን ሁሉ እንዳለ ቆጥሮ ይውረድ።

ለኢትዮጵያ ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿንም ልካ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በሮማው ኦሊምፒክም ዳግመኛ ተወዳድሯል። በማይጨው የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት እርከኖችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በተራራማዋ በኪጋሊ ተደረገ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዘው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የቱር ዳፍሪክ ጉዞም፣ በአገራችን ባለፈባቸው ዓመታት ከመተማ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ከዚያም ከአባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያቀና፣ የውጭ አገር ሰዎች ለዚህ አቀበት ብለው ውቅያኖስ ተሻግረው ሲመጡ አይተናል።

እንግዲህ ሌሎች ከሩቅ ገሥግሠው የሚመጡበትን ዳገት እኛ በደጃችን ሳለን ስለ ምን ዝም ብለን እናየዋለን? መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚያበቃ የብስክሌት ውድድር ቢቋቋም፣ ለልጆቻችን የሚያተርፍላቸው ዋንጫ ብቻ አይሆንም፤ ብርታትን ከትዕግሥት ጋር ማጣመርን፣ ዛሬ ያለንን ለነገ አካፍሎ ማውጣትን ሥጋቸው ራሱ ይማራል። የወገራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ሰኔ ላይ የገብስ ጎተራውን አሟጥጦ የሚበላ፣ መስከረምን ምን ይዞ ይቀበላል? ብስክሌተኛውም እንዲሁ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሞ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ደኅና ዋላችሁ ብሎ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ሰላምታ የሚሰጥ፣ የዳባትንም ዳገት ገና በልቡ የሚመኝ ሰው፣ እርሱ በእውነት አቀበቱን ወጥቶታል።