ካምባና ጎረቤቶቿ፦ በአጎራባች ወሰኖች ስለሚደረግ ትብብር

ስለ ወሰን ሲነገር በአብዛኛው ሰው አሳብ የሚመጣው መንግሥትን ከመንግሥት የሚለየው መሥመር ነው። ሞያሌ ወይም መተማ ይታሰባል፤ ኬላና የይለፍ ወረቀት ይታሰባል። ይሁን እንጂ በአንድ አገር ውስጥ አውራጃን ከአውራጃ፥ ዞንን ከዞን የሚለየው መሥመር በገበሬው ኑሮ ላይ የሚያደርሰው ነገር ከዚያ የሚያንስ አይደለም። እኛም ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ካምባን ምሳሌ አድርገን መርጠናል።

ካምባ በጋሞ ደጋ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ ይገኛል። ጋርዳ ማርታ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኖ ከመለየቱ በፊት የነበረውን ካምባ ብንመለከት፥ በምሥራቅ ቦንኬ፥ በሰሜን ደራማሎና ዛላ፥ በሰሜን ምዕራብ ኡባ፥ በደቡብ ምዕራብ የደቡብ ኦሞ አገር፥ ይኸውም በተለይ ማሌ፥ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ደራሼ ያዋስኑታል። የጎፋ ሰው ቋንቋ ለጋሞው የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ሊግባቡ ይችላሉ። የማሌ ቋንቋም ከዚያው ከኦሞአዊው ወገን ነው፤ ነገር ግን የራቀ ዘመድ ነው። የደራሼ ቋንቋ ግን ኩሻዊ ነው። እንግዲህ የካምባ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ በሄደ ጊዜ፥ የሚናገረው ቃል እንኳ ከማይገባው ሕዝብ ጋራ ይገናኛል። ደገኛው ገብስና እንሰት፥ ቆለኛው በቆሎ፥ ማሽላና ጥጥ ስላለው፥ አንዱ ያለ ሌላው ገበያ መኖር አይሆንለትም።

መሥመሩ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ስሙና ክብደቱ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከላይ የተጠሩት አገሮች በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ፤ የጠቅላይ ግዛቱም ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የተዛወረው በዚያው ዘመን ነው። በ1980 ዓ.ም. ደርግ አገሩን እንደገና ሲከፋፍል ጠቅላይ ግዛቱ ለሰሜን ኦሞና ለደቡብ ኦሞ ተከፈለ። ኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ፥ ዳውሮና ጋሞ ጎፋ ለየብቻቸው ዞን ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ተለያዩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደራሼ የጋርዱላ ዞን ሆነ።

ይህ ሁሉ በካምባ ገበሬ ዘንድ ምን ለውጥ አመጣ? የኡባና የካምባ ሰዎች በግጦሽ ቢጣሉ፥ ቀድሞ ነገሩ ከወረዳ ካለፈ ሁለቱም ወገኖች የሚሄዱት አርባ ምንጭ ወዳለው አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ዛሬ የካምባው ወደ አርባ ምንጭ፥ የኡባው ወደ ሳውላ ይሄዳል። ጠቡ ከማሌ ጋራ ከሆነ ጂንካ፥ ከደራሼ ጋራ ከሆነ ጊዶሌ አለ። አንድ ወረዳ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋራ ለመስማማት አራት የዞን ከተሞችን ማስታረቅ ሊያስፈልገው ነው ማለት ነው። ሕዝቡ በስሙና በቋንቋው መተዳደሩን እኛ አንነቅፍም። የምንለው፥ አዲስ መሥመር በተሰመረ ቁጥር መሥመሩን የሚያሻግር አዲስ መንገድ አብሮ አለመሠራቱ ጉዳት አለው ነው።

መሥመርን በማጥፋት ብቻ ነገሩን ማቃናት እንደማይቻል ደግሞ በቅርብ ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. ወላይታን፥ ጋሞን፥ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ ለማስተማር ታስቦ «ወጋጎዳ» የተባለው መማሪያ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ፥ በሶዶ ከተማ ብርቱ ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉም ቀረ። ሰሜን ኦሞ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎረቤቶቹ ራሳቸው ሳይመክሩበት ከላይ የወረደ አንድነት መለያየትን አስከተለ።

ጋሞዎች ግን ለወሰን ጉዳይ አዲሶች አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር እስኪገባ ድረስ ደጋው አርባ ያህል «ደሬ» በተባሉ፥ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በቻሉ አገሮች የተከፋፈለ ነበር፤ ካምባም አንዱ ነበር። ደሬና ደሬ በወሰን ይዋጉ ነበር፤ ይታረቁም ነበር። ሸንጎው «ዱቡሻ» ይባላል። ይኸውም በሜዳ ላይ በምርቃት የሚከፈት ጉባኤ ሲሆን፥ ድምፅ ተቆጥሮ የሚፈረድበት ሳይሆን ተናጋሪዎቹ እስኪስማሙ ድረስ ነገር የሚመላለስበት ነው። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ዱቡሻ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። ሕጉ «ወጋ»፥ ወጋን መተላለፍ ደግሞ «ጎሜ» ይባላል። ጎሜ ያለበት ሰው ወይም አገር በሽታ፥ የእህል እጦት ወይም የዝናብ መጥፋት ያገኘዋል ተብሎ ስለሚታመን፥ ዕርቁ ለተበዳዩ ብቻ ሳይሆን ለመላው ጎረቤት የሚያስፈልግ ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ልማድ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ነው የሚል ቢኖር መስከረም 2011 ዓ.ም. ያስታውስ። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ለምለም ሣር የሰላም ምልክት ስለሆነ፥ ሣር ይዞ የተንበረከከውን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ለጋሞ ልጅ ነውር ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ሣሩ የሚያቆመው ትርጉሙን የሚያውቀውን ሰው ነው። በቦንኬና በካምባ መካከል ወጋው አንድ ስለሆነ ዱቡሻ ይበቃ ይሆናል። ማሌ ግን «ካቲ» የሚባል የራሱ ባላባትና የራሱ ሥርዓት አለው፤ ደራሼም እንዲሁ። ስለዚህ በእነዚህ ወሰኖች ሽማግሌዎቹ ከመታረቃቸው በፊት በምን ሥርዓት እንደሚታረቁ መስማማት አለባቸው፤ የተስማሙበትም በጽሑፍ ካልተቀመጠ ሽማግሌዎቹ በሞቱ ጊዜ አብሮ ይቀበራል።

የመንግሥት ሕግስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 48 የክልሎች ወሰን ክርክር በስምምነት እንዲያልቅ፥ ስምምነት ከጠፋ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ክልል ነው እንጂ በአንድ ክልል ውስጥ ስላሉ ዞኖችና ወረዳዎች አይደለም። ክርክርን ስለ መጨረስ እንጂ አብሮ ስለ መሥራትም አይደለም። በሌላው ዓለም ይህ ሁለተኛው ነገር ራሱን የቻለ ሕግ ሆኗል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1980 እ.ኤ.አ. በማድሪድ፥ የአፍሪካ ኅብረትም በ2014 እ.ኤ.አ. በማላቦ ለድንበር ተሻጋሪ ትብብር ስምምነት አውጥተዋል። ኢትዮጵያና ኬንያም ኅዳር 2008 ዓ.ም. ለቦረናና ለማርሳቢት ሕዝብ የጋራ ፕሮግራም በሞያሌ ከፍተዋል። ከኬንያ ጋራ የሚቻለው ከሳውላ ጋራ የሚከብድበትን ምክንያት እኛ አላገኘንም።

ትብብር ከየት ይጀመር ለሚለው የቆላ ዝንብ ጥሩ አስተማሪ ነው። ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ይህ ዝንብ በአንዱ ቀበሌ ቢጠፋ ከጎረቤቱ ቆላ ተመልሶ ይመጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተጀመረው ዝንቡን የማጥፋት ሥራ፥ መውለድ የማይችሉ ወንድ ዝንቦችን አርብቶ የመልቀቅን ዘዴ ሲይዝ፥ የአስተዳደርን ወሰን ትቶ ሸለቆን በሙሉ የሥራ ቦታ ያደረገው ስለዚህ ነው። የከብት ክትባትም እንዲሁ ነው፤ ካምባ በጥቅምት፥ ማሌ በግንቦት ቢከትቡ የሁለቱም ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ የአጎራባች ወረዳዎች የጋራ ጉባኤ ሲቋቋም በመጀመሪያ መያዝ የሚገባው የክትባትንና የገበያን ቀን ይመስለናል፤ የግጦሹ መሥመር የሚከብድ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቃለ ጉባኤውም በሁለቱም ወገን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

በዚህ ጉባኤ ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ዱቡሻን እንዳለ በመውሰድ አይመለስም። በልማዱ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፥ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ ከዱቡሻ ውሳኔ ውጭ ሆነው ኖረዋል፤ ሴቶችም በአብዛኛው እንዲሁ። ማሰሮና ቆዳ ይዞ ገበያ የሚወጣው ግን ይኸው ሰው ነው፤ ገበያው በጠብ ሲዘጋ ሌላ እርሻ ስለሌለው በመጀመሪያ የሚራበውም እርሱ ነው። የጋራ ጉባኤው የገበያን ቀን ሲቆርጥ ከማናና ከደጋላ ቢያንስ አንዳንድ ሰው፥ ከገበያተኛ ሴቶችም እንዲሁ፥ ተናጋሪ ሆኖ እንዲቀመጥ በደንቡ መጻፍ አለበት።