«ታምራለች፤ የማን መኪና ናት?»

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቀለም ነው። ያውም ቀለም ስለሌለው ቀለም! ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር፤ ስድስት ሳምንት የለፋሁበትን ሥራ በአምስት ደቂቃ እስካጨማልቀው ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። እኔን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ እህቴ ልትወለድ ስትል እናቴን ሆስፒታል ያደረሰች፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የሸኘች ቮልስ። በ2005 ዓ.ም. የእኔ የኮሌጅ ክፍያ ሲመጣ ሸጣት። ቁልፉን ለገዢው ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቼበት አላውቅም።

አምና አክስቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ጫማም ስልክም አላልኩም። የጃፓኑ ታሚያ የሚያመርተውን የቮልስዋገን 1300 መገጣጠሚያ አስመጣኋት። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች። እውነተኛዋ ቮልስ አራት ሜትር ገደማ ናት፤ ይቺኛዋ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ መዳፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ለአባዬ 70ኛ ዓመት ልደት ልሰጠው ቆረጥኩ። ልደቱ ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴን ያዙልኝ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለመሆኑ ክሊር ምንድነው?

ክሊር ከዋናው ቀለም በላይ የሚረጭ፣ መልክ የሌለው ሽፋን ነው። ቨርኒሽ በሉት። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀለሙንና በውሃ ተነክረው የሚለጠፉትን ጽሑፎች፣ ማለትም ዴካሎቹን፣ ከጣትና ከፍትጊያ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ዕቃው የሚያበራ ወይም የፈዘዘ እንዲሆን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስት ዓይነት አለው። አንጸባራቂው አለ፣ ደብዛዛው አለ፣ በሁለቱ መሐል ያለው ደግሞ ሳቲን ይባላል። የትኛውን ልምረጥ? ይህን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም። ሦስት ጥፋት ያጠፋሁትም ለዚህ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ጥፋት አንድ፦ ታርጋው ሳህን ውስጥ ቀለጠ

የአባዬን ታርጋ ከድሮ ፎቶ ላይ አይቼ በዴካል ወረቀት ላይ አተምኩት። በቤት ማተሚያ፣ በቀለም በሚተፋው ዓይነት። ከዚያ ቆርጬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እናንተዬ! ቁጥሩ እንደ ሻይ ቅጠል ሳህኑ ውስጥ ፈሰሰ። ለካስ እንዲህ ያለው የማተሚያ ቀለም ውሃ አይችልም። መጀመሪያ በላዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ክሊር ይረጭበታል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ነው የሚነከረው።

ሌላም አለ። ዴካል በደብዛዛ ቀለም ላይ አይለጠፍም። ደብዛዛ ገጽ በዓይን ባይታይም ሻካራ ነው፤ ከሥሩ አየር ይቀርና ዴካሉ ዳር ዳሩን ብር መስሎ ያብለጨልጫል። ስለዚህ መጀመሪያ አንጸባራቂ ክሊር፣ ቀጥሎ ዴካል፣ ከዚያ እንደገና ስስ ክሊር፤ የፈለጋችሁት መልክ፣ ደብዛዛም ይሁን ሳቲን፣ መጨረሻ ላይ።

ጥፋት ሁለት፦ በዝናብ ቀን ረጨሁ

ልደቱ አምስት ቀን ሲቀረው ጭንቅ ያዘኝ። ውጪ ዶፍ ይወርዳል። «ባልኮኒ ላይ ከጣራ ሥር ነኝ፤ ምን ይመጣል?» ብዬ የላከር ክሊሩን እንደ ፍሊት ለቀቅኩባት። ዞር ብዬ ስመለስ ቮልሷ ጉም ለብሳለች! ነጭ፣ ዳመና የመሰለ ነገር። ያልኩትን አልደግመውም፤ ጋዜጣው አያትመውም።

ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤታችንን ጠራሁት። አይቶ ሳቀ። «እርጥበት በልቷት ነው፤ እንዳትነካት» አለኝ። ምክንያቱ ይህ ነው። በላከር ውስጥ ያለው ቲነር ቶሎ ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ያ ብርድ እርጥበቱን ወደ ቀለሙ ይስበዋል፤ ነጭ ሆኖም እዚያው ይቀራል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጸሐይ ብቅ ስትል ያንኑ ክሊር በስሱ ረጨሁባት፤ ሽፋኑ መልሶ ላላ፣ ጉሙም ጠፋ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ስትረጩ እንዲህ አድርጉ፦

ዕቃውን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ የጣት ቅባት ቀለም አያስይዝም። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ፈሳሹ ላላ ብሎ በደንብ ይበተናል። የፈላ ውሃና እሳት ግን ወዮላችሁ፤ ይፈነዳል! ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ናጡት።

ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቁ። እጃችሁ አይቁም። መርጨት የምትጀምሩት ከዕቃው ውጪ ነው፤ የምትጨርሱትም ከዕቃው ውጪ። የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ይምሰል እንጂ አያርጥብ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየጠበቃችሁ ደጋግሙ። አንዴ አወፍሬ ልገላገል ማለት አይሠራም። ሂሳቡን አስሉት፤ በ24 እጥፍ ባነሰች መኪና ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚወፍር ሽፋን፣ በእውነተኛዋ ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በማር የተነከረች ነው የምትመስለው። ስትጨርሱ አቧራ እንዳያርፍባት ካርቶን ድፉባት፤ ቢያንስ ቀንና ሌሊት ተዋት። ስታሸቷት ቲነር ቲነር ካለች ገና አልደረቀችም።

ዓይነቱንም አትደባልቁ። ኢናሜል በተቀባ ነገር ላይ ላከር ከረጫችሁ የሥሩ ቀለም እንደ ቆዳ ይጨማደዳል። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ክሊር ግን በደረቀ ቀለም ላይ ሁሉ ማለት ይቻላል አስተማማኝ ነው። ብትጠራጠሩ ፕላስቲክ ማንኪያ ግዙ፤ ያንኑ ቀለም ቀቡትና ክሊሩን እሱ ላይ ሞክሩ። ማንኪያ ይበላሽ!

ጤናችሁስ? ቤት ዘግቶ መርጨት የለም። መስኮት ክፈቱ፤ ለኬሚካል ሽታ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል አድርጉ። ተራ የጨርቅ ጭንብል አቧራ እንጂ ሽታ አይከለክልም። እናታችሁ ከሰል አቀጣጥላ ቡና እየቆላች አትርጩ፤ ትነቱ ይቀጣጠላል። ጋራዥ ውስጥ በሀርድነር የሚበጠበጠውን ክሊር ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ አትሞክሩት፤ ሀርድነሩ ሳንባን ይጎዳል።

ጥፋት ሦስት፦ ዋናው

የልደቱ ቀን ደረሰ። ቮልሷ እንደ መስታወት ታበራለች፤ ፊቴ ይታይባታል። ኬኩ ተቆረሰና ሰጠሁት። አባዬ መነጽሩን አደረገ። አገላበጣት። «ታምራለች» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የማን መኪና ናት?»

ኩምሽሽ አልኩ። «ያንተ ናት እኮ አባዬ! ታርጋዋን እየው።» ታርጋዋን አየ። ራሱን ነቀነቀ። «እውነትህን ነው፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለና መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። አለቀ። ከምሳ በኋላ ዳግመኛ ዞሮም አላያት።

ሌሊቱን የድሮውን ፎቶ አውጥቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። የአባዬ ቮልስ አታበራም ነበር! ስንት ዓመት ሙሉ ጋራዥ አጥታ በር ላይ ነው ያደረችው። ጣሪያዋንና የፊት ኮፈኗን ጸሐይ በልቶት ነጣ ብሏል። ጎንና ጎኗ ብቻ አባዬ በየእሑዱ እያጠበ ስለሚወለውላት ትንሽ ወዝ ነበራት። እኔ የሠራሁት ከፋብሪካ የወጣች፣ ማንም ያልነዳትን መኪና ነው። ክሊሩን የመረጥኩት እሷን አስቤ ሳይሆን ሰው «ዋው!» እንዲለኝ ነበር።

ደግነቱ አንጸባራቂ ላይ ደብዛዛ መድረብ ይቻላል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ቮልሷን ከመደርደሪያው «ላጽዳት» ብዬ ወሰድኳት። መስኮቶቿን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፤ አለበለዚያ መስታወቱ ይደበዝዛል። ሙሉ አካሏን ሳቲን ረጨሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላውን ሸፍኜ ጣሪያዋንና ኮፈኗን ብቻ ደብዛዛ አደረግኩ፤ በስሱ፣ ሁለት ዙር። ደብዛዛ ክሊር ብርሃን የሚበትን ደቃቅ ዱቄት አለበት። ዱቄቱ ጣሳው ሥር ይተኛል፤ ካልናጣችሁት ወይም ካበዛችሁት አመዳይ ይመስላል። እኔም በዚህ ጊዜ እጄ እስኪዝል ናጥኩ፤ ማንኪያም ላይ ሞከርኩ።

ምንም ሳልናገር ቦታዋ መለስኳት። ማታ አባዬ ዜና ሊያይ ሲቀመጥ ዓይኑ አረፈባት። ተነሣ። አነሣት። ጣሪያዋን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፤ እሱ አይሰማም። ከዚያ የፊት መስታወቷን የግራ ጥግ በጣቱ ነካ አደረገና፣

«ዝናብ ሲመጣ በዚህ በኩል ነበር የምታስገባው» አለኝ። «እናትህ ሁሌ ፎጣ ትይዝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ቮልሷ አወራን። ስለ ሽያጩም ጭምር። ምን እንደተባባልን የእኛ ይሁን።

እናንተም መኪናም ሆነ አውሮፕላን የምትሠሩ ከሆነ፣ ጣሳውን ከመናጣችሁ በፊት ዕቃው የማን እንደሆነና የት እንደዋለ ጠይቁ። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው? አንጸባራቂ። ባለቤቱ ይወለውለዋል? ሳቲን። ጸሐይና አቧራ ውሎበታል? ደብዛዛ። ዝናብ ካለ ግን የትኛውንም አትርጩ፤ ቡና ጠጡ።

ቸር እንሰንብት!