በፍጥሞ የእግዜር እንግዳ

ለበዓሉ ገጻችን ያቀረብነው በ2016 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን ከሀገር ርቀን፣ ዮሐንስ አቡቀለምሲስ ራእዩን ባየባት በፍጥሞ ደሴት ስናሳልፍ የገጠመንን ነው። ጥቁር ሴት ሆኖ ብቻን ባሕር ማዶ መጓዝ ምን እንደሚመስል ከሚያውቁት እኅቶቻችን ብዙዎቹ የሚያወጉት ክፉውን ነው። ክፉውን እኛም አላጣነውም፤ የበዛው ግን ሌላው ነበር።

ፍጥሞ በኤጂያን ባሕር ላይ የምትገኝ፣ ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋያማ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከአቴና አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ በመርከብ መሄድ ግድ ነው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ የተሳፈርንባት መርከብ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ስካላ ከተባለው ወደብ አወረደችን። ከወረዱት መንገደኞች ሁሉ ሰነድ የተጠየቅነው እኛ ብቻ ነበርን። ምክንያቱ አልጠፋንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ ከ800,000 የሚበልጡ ስደተኞች በባሕር ወደ ግሪክ የገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የረገጡት በቱርክ ጠረፍ ትይዩ የተደረደሩትን ደሴቶች ነው። በዚያ ሰዓት በወደብ ላይ የታየ ጥቁር ፊት ከየትኛው ጀልባ ወረደ መባሉ አይቀርም። ፓስፖርታችንን አሳይተን አለፍን።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከወር በፊት ክፍል ከያዝንበት ማደሪያ ደርሰን ስናንኳኳ፣ በሩን የከፈተው ሰው ፊታችንን አየና የዘረጋንለትን ወረቀት ሳያነብ ቦታ የለም ብሎ መልሶ ዘጋው። ወደ ወደቡ ተመልሰን ሻንጣችን ላይ ተቀመጥን። የባሕሩ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። በሀገራችን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ በግሪክኛ ይህ እንዴት እንደሚባል አናውቅም ነበር።

ማለትም አላስፈለገንም። ከዚያችው መርከብ የወረደች የልጅ ልጃቸውን ሊቀበሉ የወጡ፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር የለበሱ አዛውንት እናት ፊት ለፊታችን ቆመው ብዙ ተናገሩ። ልጅቱ በአቴና የምትማር ስለሆነች እንግሊዝኛ ታውቃለች።

«አያቴ ተነሺ እንሂድ ይላሉ።»

«ወዴት?» አልን።

«ወደ ቤት ነዋ!»

ሄድን። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት የተኛነው ፓስፖርታችንንና ገንዘባችንን ከትራስ ሥር ከትተን፣ በሩንም ከውስጥ በወንበር ደግፈን ነው። ጠዋት አዛውንቷ ሻይ ይዘው ሲመጡ በሩ አልከፈት ቢላቸው ከውጭ ሆነው ቆመው ጠበቁን። ወንበሩን ስናነሣ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። እሳቸው ግን ወንበሩን አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። በፍጥሞ በዚህ ቀን ከኮረብታው ከተማ አደባባይ ላይ በሚዘጋጅ መድረክ የገዳሙ አበምኔት ማድረቂያ ታጥቀው የ12 መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። ገዳሙ በንጉሥ አሌክሲዮስ ኮምኒኖስ ፈቃድ በቅዱስ ክሪስቶዱሎስ የተመሠረተው በ1088 እ.ኤ.አ. ነው። በወይራና በወይን ቅጠል የምትታጠበውን የምእመናን እግር ለለመደ ዓይን የግሪኮቹ ሥርዓት ተውኔት የበዛበት ይመስላል፤ ውኃው በእግር ላይ ሲወርድ ግን ሕዝቡ ጸጥ የሚለው እንደኛው ነው። ከኋላ ቆመን ስንንጠራራ ያዩን አንዲት ሴት ክንዳችንን ይዘው፣ ሰዉን እየገፉ እስከ ፊተኛው ረድፍ አደረሱን። ማን እንደሆንን አልጠየቁም።

ለምሳ ያልጠበቅነው ፈተና ቀረበልን። ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት! ግሪኮች ደም የለውም ብለው በጾም ይበሉታል። እኛ ዓሣው እንኳ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ የሚያከራክረን ሰዎች ነን። አልፈቅድም ማለት ባለቤቲቱን ማስቀየም መሰለንና በልጅቱ በኩል እያፈርን ገለጽንላቸው። ሳቁና ሳህኑን አንሥተው ባቄላና ዳቦ አመጡ። ጉልባን እንደማለት ሆነልን።

ከቀትር በኋላ ሦስታችንም ወደ ዋሻው ወረድን። በወደቡና በኮረብታው ከተማ አጋማሽ ላይ ነው። በድምጥያኖስ ዘመን በ95 እ.ኤ.አ. ገደማ በግዞት ወደዚህ የመጣው ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት የሚባለው የዓለቱ ጉድጓድ ዙሪያውን በብር ተለብጧል፤ ከጣራው ላይ ደግሞ የሥላሴ ምሳሌ ነው የሚባል ሦስት ስንጥቅ ይታያል። አዛውንቷ ወደ ዓለቱ እያመለከቱ «አፖካሊፕሲ» አሉን። «አቡቀለምሲስ» አልናቸው። ደገሙት፤ ደገምንላቸው። እንደ ሕፃን ቃል ስንቀባበል ቆየን፤ ከዚያ በኋላ ለጎረቤት ሁሉ የሚያስተዋውቁን በዚህች ቃል ነበር።

ማታ ከምድጃው አጠገብ ስለ ሀገራችን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንላቸው «አቢሲኒያ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፍጥሞና ባልንጀሮቿ ደሴቶች ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢጣሊያ እጅ ነበሩ፤ ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ለደሴቶቹ የተሾመው ገዥ ዴ ቬኪ ትምህርት ቤቶች በጣሊያንኛ እንዲያስተምሩ አስገደደ። የአዛውንቷ ታላቅ ወንድም በክፍል ውስጥ በግሪክኛ በመናገሩ ተገርፏል። እናታቸው ደግሞ ወታደሮቹ ስለ ጥቁር ሐበሻ ልጃገረድ እየዘፈኑ በመንገድ ሲያልፉ፣ «ያቺ ምስኪን ልጅ ማን ትሆን?» ትል ነበር አሉን። ከዚያም ለረጅም ጊዜ ሲያዩን ቆዩ። ልጅቱ ትርጉሙን ጨርሳ እሷም ዝም አለች።

ግሪኮች ልደትን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 16 ቀን ነው፤ ከእኛ ይቀድማሉ። ትንሣኤ ግን በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚሰላ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ስለዚህ ዓርብ እሳቸው ምስር በኮምጣጤ ሲቀምሱ እኛ እንሰግድ ነበር፤ ስግደታችንን ቆጥረው መቶ ሲሞላ ይበቃል፣ ጉልበትሽ! እያሉ ይቆጡን ነበር። የቅዳሴው ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ከ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ ስላልሆኑ እንዳልቆረብን አይተው ለምን ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ለመተርጎም ተቸገረች፤ እኛም ለማስረዳት። በመጨረሻ «አባቶቻችን ተጣልተው ነው» አልን። «እኔም ከእኅቴ ጋር ተጣልቼ 11 ዓመት አልተነጋገርንም ነበር» አሉንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ እኩለ ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ከመቅደስ አንዲት ጧፍ ወጣች፤ ብርሃኑም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ አደባባዩን ሞላው። አጠገባችን የቆሙ የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ አቅፈው ሳሙን። ያን ጊዜ ሐበሻም ጥቁርም አልነበርንም ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ሁለት ሕፃናት ጠጉራችንን እየነኩ ይሳሳቁ ነበርና። እናታቸው ስትቆጣቸው ተዪያቸው አልናት።

ሰዉ ጧፉ እንዳይጠፋበት በእጁ ከልሎ ወደየቤቱ ይወስዳል፤ በጭሱም ከበሩ መቃን ላይ መስቀል ይሥላል። አዛውንቷ ከደጃፋቸው ሲደርሱ ወደ ላይ ተንጠራርተው አልደረሱበትም። የልጅ ልጃቸው ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ ከለከሏትና ጧፉን ለእኛ ሰጡን። የያለፉት ዓመታት መስቀሎች አንዱ በአንዱ ላይ ጠቁረው ይታያሉ። በእነዚያ ላይ ሣልን።

ለመስተንግዶው ክፍያ እንደማይቀበሉ ስለነገሩን ከሀገር ይዘነው የነበረውን ዕጣን ሰጠናቸው፤ አሽትተው ወዲያው ከቤታቸው ጥና ላይ አጨሱት። ማክሰኞ ስንሰናበት ደግሞ 100 ዩሮ ከትራሱ ሥር ትተን ወጣን። መርከቡ ላይ ሆነን ያስያዙንን የበዓል ዳቦና በቀይ የተቀለሙ እንቁላሎች የያዘውን ከረጢት ስንፈታ፣ ገንዘቡ ከእንቁላሎቹ በታች በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘነው። መቼ እንደከተቱት እስካሁን አልገባንም።