ለሰው የሚስማማው መዓዛ ድመትን ለምን ይመርዛል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በደባርቅ ገበያ ጦስኝ ሲሸጥ ያልተመለከተ ሰው ጥቂት ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለው ይህ ዕፅ ከሻይ ጋር ይፈላል፤ ለሳልም ይጠጣል። ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን እንታጠናለን። ታዲያ ከእነዚህና ከመሰል ዕፆች የተጣራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሲገኝ፣ ቁንጫ ያስቸገራትን ድመት በዚሁ እንቀባት የሚል ሐሳብ ቢመጣ አያስደንቅም። ሐሳቡ ከደግነት የመነጨ ነው። አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ቅጠሉንና ዘይቱን መለየት ያሻል። ከ100 ግራም ደረቅ ጦስኝ ተነጥሮ የሚወጣው ዘይት ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በጓዳ የተቀመጠውን የጦስኝ ከረጢት ድመት ብታሸተው የሚያሳስብ ነገር የለም፤ የሚያሳስበው ጠርሙሱ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ወይም 20 ጠብታ ያህል ዘይት 3 ኪሎ በምትመዝን ድመት ላይ ሲፈስ፣ በክብደት ቢሰላ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 20 ሚሊ ሊትር እንደ መስጠት ነው። ድመትም ጠጉሯን በምላሷ የምታጸዳ እንስሳ በመሆኗ የተቀባችው ሁሉ ወደ ሆዷ ይወርዳል።

ዋናው ምሥጢር ያለው ግን በጉበት ውስጥ ነው። የጦስኝ ዘይት በአመዛኙ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ የፌኖል ዝርያዎችን ይዟል። የሰው ጉበት በእነዚህ ላይ ግሉኩሮኒክ አሲድ የተባለውን ከስኳር የሚገኝ ውሕድ ይለጥፍባቸዋል፤ በዚህም በውኃ የሚሟሙ ሆነው ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ይህን ሥራ ከሚያከናውኑት ኢንዛይሞች የአንዱ ጂን በድመት ዘር ውስጥ ተበላሽቶ ሥራ አቁሟል። ሥጋን ብቻ የሚመገብ እንስሳ የዕፅዋትን መርዝ የሚያስወግድ መሣሪያ እምብዛም ስለማያስፈልገው ሳይሆን አይቀርም። አንበሳና አቦ ሸማኔም ይኸው ጉድለት እንዳለባቸው ታውቋል።

ፌኖል የሌለበትም ዘይት ቢሆን ነጻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲኒዮል የነርቭን ሥራ ያውካል። የባሕር ዛፍ ዘመድ ከሆነው የአውስትራሊያ ዛፍ የሚወጣውን «ቲ ትሪ» የተባለ ዘይት በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአሜሪካ በ10 ዓመታት ውስጥ የተመዘገቡ 443 የተመረዙ ውሾችንና ድመቶችን መርምሯል። ከአሥሩ ዘጠኝ በሚያህሉት ላይ ዘይቱ የዋለው በስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ ነበር። እንስሳቱ ምራቃቸው ይዝረበረባል፤ ይደክማሉ፤ ይንገዳገዳሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ታይቶ እስከ ሦስት ቀን ሊዘልቅ ይችላል።

ዘይት የነካትን ድመት ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥቦ፣ አድርቆና በጨርቅ ጠቅልሎ ማሞቅ ይገባል። እንድታስመልስ ማድረግ ግን ክልክል ነው፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ይብሳል። ጠርሙሱን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መፍጠን ነው። ለቁንጫው በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ ማበጠርና የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውኃ ማጠብ ይረዳል፤ መድኃኒት ካስፈለገም ለድመት የተሠራውን ሐኪም ይዘዝ። ለውሻ የተዘጋጀና ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል።