ጀልባ ላይ ከመሳፈራችን በፊት

ባለፈው ዓመት የክፍላችን ተማሪዎች ለመስክ ጉብኝት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ተሻግረን ነበር። ጠዋት ስንሄድ ጣና ጸጥ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ግን ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታት ጀመር። ያኔ አንዷ ጓደኛችን «ላይፍ ጃኬቱ የታለ?» ብላ ጮኸች። ጃኬቶቹ ለካ ከመቀመጫው ሥር በገመድ ታስረው ኖሯል! ቋጠሮው እስኪፈታ ድረስ የነበረውን ጭንቀት እስካሁን አልረሳሁትም። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባን። ከዚያ ወዲህ ሳነብና ጀልባ ነጂዎችን ስጠይቅ ቆይቼ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

በመጀመሪያ፣ ጃኬት የሚለበሰው ጀልባዋ ከመነሣቷ በፊት ነው። ውኃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ መልበስ ዋና ለሚችል ሰው እንኳ ከባድ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት ከ10ሩ ሰዎች 8 የሚያህሉት ጃኬት አልለበሱም። ልኩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ማሰሪያዎቹን ከቆለፋችሁ በኋላ ጓደኛችሁ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው ማለት ነው። ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ልጁ ሾልኮ ይወጣል።

ከጃኬቱ ሌላ ጀልባዋ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ዕቃዎች አሉ። ሞተር ቢጠፋ መቅዘፊያ፣ ነፋስ እንዳይወስዳት መልህቅ ከነገመዱ፣ የገባ ውኃ ለመቅዳት ባልዲ፣ ነዳጅ ስላለ የእሳት ማጥፊያ፣ ለመጣራት ፊሽካ፣ ለምሽት ደግሞ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው ገመድም አለ፤ ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል።

ስለ መንገዱስ? ውኃ ላይ የተሰመረ መስመር የለም። ስለዚህ አንዱ ነጂ ሌላው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1972 የመርከቦችን ግጭት ለመከላከል ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቶ በ1977 ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ የወጣው ለባሕር ቢሆንም ሐሳቡ ለሐይቅም ይጠቅማል። ለሞተር ጀልባዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ሁለት ጀልባዎች ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።
2. መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ከኋላው ያልፋል።
3. ቀድሞ ማለፍ የሚፈልግ፣ የሚቀደመውን ሳይነካ ርቆ የማለፍ ኃላፊነት አለበት።
4. ማታ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ መብራት ይበራል። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካያችሁ ጀልባው ወደ እናንተ እየመጣ ነው።

በጣና ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የደንገል ታንኳ ዝቅተኛ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድም ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ቀዛፊ ሲታይ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው።

ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነጂው ቢቸኩልም «ጃኬት ሳንለብስ አንነሣም» ማለት ነውር አይደለም። እኛ ያን ቀን ጠዋት ብንለው ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ ቋጠሮ ስንፈታ ባልተንቀጠቀጥን ነበር።